መጀመሪያ የሚመለሰው ስትሮቤሪው ነው

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆኜ እሰራ በነበረበት ጊዜ የገጠመኝ ነገር ነው። ሥራውን ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ፣ ነገሩ ግን ከውስጤ ሊወጣ አልቻለም፣ እና ልጻፈውና ይቅለለኝ ብዬ ነው። ማታ ነው፣ ወሩ ሊያልቅ ትንሽ ቀን ነው የቀረው፣ ማርኬቱ ጭር ብሏል። አንድ የአገሬ ሰው፣ በእድሜ ከእናቴ ብዙም የማያንሱ ሴትዮ፣ የሥራ ዩኒፎርማቸውን እንኳን ሳያወልቁ አስር ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ አስከትለው እኔ ጋ መጡ። ያው ሐበሻ ለሐበሻ መተዋወቅ አያስፈልገውም፣ «እንደምን አመሹ» «ደህና ነሽ የኔ እናት» ተባባልን እና ዕቃውን ስካን ማድረግ ጀመርኩ።

ስጨርስ ካርዳቸውን አስገቡ። ኢቢቲ ነው፣ እኛ ፉድ ስታምፕ የምንለው፣ መንግስት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የምግብ መግዣ የሚሞላበት ካርድ። ሂሳቡን አልሸፈነም፣ ስክሪኑ ላይ አስራ ምናምን ዶላር ጎደለ። ሴትየዋ አልደነገጡም፣ ቦርሳቸውን ከፍተው ዝርዝር ፍለጋም አልገቡም። ዕቃው ወደተደረደረበት ዞር ብለው በእጃቸው እየለዩ ወደ እኔ ይገፉልኝ ጀመር። መጀመሪያ ስትሮቤሪው። ከዛ ፍሮዝን ዓሳው። ከዛ በፕላስቲክ ሳጥን ያለው ስፒናች። ከዛ ፖሙ። በቃ፣ ሂሳቡ ልክ መጣ። ስትሮቤሪውን ካርቱ ውስጥ ያስገባችው ልጅቷ እንደሆነች ገብቶኛል፣ ምክንያቱም ሲመለስ በዓይኗ ተከተለችው፣ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የቀረው ምን እንደሆነ እስካሁን አልረሳውም። ትልቅ ከረጢት ሩዝ፣ ጋሎን ዘይት፣ ፓስታ፣ የዶሮ እግር፣ ነጭ ዳቦ፣ በካርቶን የታሸገ ኑድል እና ባለ ሁለት ሊትር ሶዳ። ሶዳውን አነሳሁና «ይሄን መልሼ ስትሮቤሪውን ልተውልዎት? ልዩነቱ ትንሽ ነው» አልኳቸው። ቀስ ብለው «ተዪው የኔ ልጅ፣ ይሄ በሁለት ዶላር ሳምንት ይቆይልኛል። ስትሮቤሪው እኮ ቤት ሳንደርስ መኪና ውስጥ ነው የሚያልቀው፣ ሆድ ደሞ አይሞላ» አሉኝ። በማረም ሳይሆን በማስረዳት ድምፅ ነው ያሉኝ፣ እንደ እናት።

ሴትየዋም ልጅቷም ወፍራም ነበሩ። ይሄን የምጽፈው ሰው ለማሳፈር አይደለም፣ ነገሩ ያለው እዛ ላይ ስለሆነ ነው። እነሱ ከወጡ በኋላ አጠገቤ ያለው ሪጅስተር ላይ ትሰራ የነበረች ልጅ፣ እሷም የኛው ሰው ናት፣ «ይሄን ይበሉና ደሞ ስኳር ያዘን ደም ግፊት ያዘን ይላሉ፣ ሶዳውን ቢተዉት ምናለ» አለች። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይላሉ አባቶች፣ ግን ልጅቷ ጠግባም አይደለም እንዲህ ያለችው፣ እሷም እንደኔው በሰዓት የሚከፈላት ናት። ይሄ አነጋገር ሁላችንም ውስጥ ያለ ነው፣ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥም ካፌ ውስጥም ትሰሙታላችሁ፣ ወፍራም ሰው ማለት ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው ነው የሚል ነገር።

እኔ ግን የሴትየዋ እጅ ነው ያልለቀቀኝ። ምንም ሳያመነታ የቱ አንደኛ የቱ ሁለተኛ እንደሚመለስ ያውቃል። እንደዛ ያለ እውቀት በአንድ ቀን አይመጣም፣ ወር በገባ በወጣ ቁጥር ሲሰራ የኖረ ሒሳብ ነው። ደሞ ሒሳቡ ትክክል ነው። የሚያስፈራውም እሱ ነው።

ሒሳቡ እንዴት ነው የሚሰራው

አንድ ፓውንድ ስትሮቤሪ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ 150 ካሎሪ ገደማ ነው ያለው። ዋጋው እንደ ወቅቱ ሦስት አራት ዶላር ነው። ስፒናች በፓውንድ 100 ካሎሪ ቢደርስ ነው። አንድ ፓውንድ ደረቅ ፓስታ ደሞ 1,600 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ቅናሽ ላይ ከተገኘ በአንድ ዶላር ምናምን ይገዛል። አንድ ሊትር ዘይት ከ8,000 ካሎሪ በላይ ነው። አንድ አዋቂ በቀን 2,000 ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል እንበል። ያንን ቀን በስትሮቤሪ ልሙላው የሚል ሰው 13 ፓውንድ መግዛት አለበት፣ 40 ዶላር ማለት ነው፣ በፓስታና በዘይት ግን ከሁለት ዶላር ብዙም አያልፍም። በርግጥ ስትሮቤሪ በልቶ የሚያድር የለም፣ ግን ቤቱን በተቆጠረ ብር የሚያኖር ሰው ዓይኑ የሚያየው ይሄንን ነው፣ በአንድ ዶላር ስንት ሆድ ይሞላል የሚለውን።

ይሄን ነገር በደንብ ያጠናው ሰው ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አዳም ድሬውኖውስኪ ነው። እ.ኤ.አ. 2004 ላይ ኤስ ኢ ስፔክተር ከሚባል ባልደረባው ጋር ስለ ድህነትና ውፍረት ባወጡት ጽሑፍ ነገሩን በቀጥታ አስቀመጡት፣ በጣም ርካሹ ካሎሪ የሚገኘው ከተፈተገ እህል፣ ከስኳርና ከዘይት ነው፣ የምግብ በጀት ሲጠብ ሰው ወደዛ ይገፋል። ሳነበው የሴትየዋ እጅ ነው የታየኝ። እሳቸው ያንን ጽሑፍ አያውቁትም፣ ግን ሳያነቡት እየኖሩበት ነው።

ለምንድነው እንዲህ የሆነው ካላችሁ፣ በቆሎና ስንዴና አኩሪ አተር በማሽን ታጭዶ ጎተራ ገብቶ ዓመት ይቆያል፣ መንግስትም ለገበሬው በድጎማና በኢንሹራንስ ይደግፈዋል፣ በመርከብ በባቡር ቢንገላታ ምንም አይሆንም። ስትሮቤሪ ግን አንድ በአንድ በሰው እጅ ነው የሚለቀመው፣ በማቀዝቀዣ መኪና ነው የሚጓዘው፣ ሁለት ቀን ካለፈ ሻገተ። ይሄ ሁሉ ወጪ ዋጋው ላይ አለ። ሌላ ደሞ ብዙ ሰው የማያስበው ወጪ አለ፣ የመጣል ወጪ። ልጅ «አልወደውም» ብሎ የሚገፋውን ብሮኮሊ ደጋግሞ ገዝቶ እስኪለምደው መጠበቅ የሚችለው የሚጣለው ምግብ የማያሳስበው ሰው ነው። ለሌላው እናት ኑድል ዋስትና ነው፣ ልጁ ይበላዋል፣ አለቀ።

የፉድ ስታምፕ ሕጉ 1964 ላይ ነው የወጣው፣ ከ2008 ጀምሮ ስናፕ ይባላል። በአማካይ ስናየው ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ዶላር ገደማ ነው። በዲሲ አካባቢ ስድስት ዶላር ምን እንደሚገዛ የምትኖሩበት ታውቁታላችሁ። እኔ ካሸር በነበርኩበት ጊዜ በካርዱ ትኩስ ምግብ መግዛት አይቻልም ነበር፣ ያ በማሽን እየዞረ የተጠበሰው ሙሉ ዶሮ ትኩስ ስለሆነ አይፈቀድም፣ ቺፕስና ሶዳ ግን ይፈቀድ ነበር። ከሥራ ደክሟት የመጣችን እናት «ይቅርታ ይሄ በካርዱ አይሆንም» ብዬ ዶሮውን መመለስ በጣም ነበር የሚከብደኝ።

ቨርጂኒያ ካርዱ የሚሞላው በወሩ የመጀመሪያ ቀናት ነው፣ እና ካሸር ሆኖ የሠራ ሰው ካላንደር አያስፈልገውም፣ ካርቱን አይቶ ቀኑን ያውቃል። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ስጋው፣ ዓሳው፣ ብርቱካኑ፣ ወተቱ ሞልቶ ይመጣል፣ ሰው ፊቱም ፈካ ያለ ነው። መሃል ላይ ይሳሳል። መጨረሻው ላይ ያው ኑድልና ዳቦ። 1995 ላይ ዊልያም ዲትዝ የሚባል የሕፃናት ሐኪም ፔዲያትሪክስ በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፣ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፣ ረሃብ ውፍረትን ያመጣል ወይ የሚል። የጻፈው ስለ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ነው፣ ከባድ ውፍረት ያለባት፣ እናቷ ግን የድጎማው ቼክ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ምግብ መግዣ የሚያጡ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ልጅ ላይ፣ ረሃብና ውፍረት አንድ ላይ። ዲትዝ ያቀረበው ሃሳብ ምግብ ሲያጥር ሰው ወደ ርካሹና ቅባት ወደበዛበት ይዞራል፣ ወይም ሰውነት ራሱ ለእጥረቱ መልስ ይሰጣል የሚል ነው። ከዛ ወዲህ ብዙ ጥናት ተደርጓል፣ ነገሩ በተለይ ሴቶች ላይ ይታያል። እናት ናታ ቀድማ የምትተወው። ልጆቿ የተረፋቸውን በልታ፣ ቀኑን በሻይ ውላ፣ ማታ ያገኘችውን።

«ወፈርሽ! ተመችቶሻል»

እዚህ ጋ ነው ለኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ የሚምታታው። እኛ ያደግነው ውፍረት የጥጋብ ምልክት በሆነበት አገር ነው። አዲስ አበባ ስመለስ አክስቶቼ በር ላይ ተቀብለው «ውይ ወፈርሽ! ሰው መሰልሽ!» ብለው እልል ይላሉ፣ ምርቃት ነው፣ ሰው ከከሳ ግን «ምን ሆነሽ ነው፣ ታመሽ ነው እንዴ» ነው የሚባለው። ቦርጭ ያለው ሰው ባለሀብት ነው፣ ኮንትራክተር ነው፣ ነጋዴ ነው። ቀጭን ሰው የኔ ቢጤ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ደርሰን ድሃው ሲወፍር፣ ሀብታሙ ደሞ ማለዳ ጫማውን አስሮ ሲሮጥ ስናይ ዓለም የተገለበጠች ነው የሚመስለን፣ ከዛ አእምሯችን ቶሎ ብሎ መልስ ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም መልስ «እነዚህ ሰዎች ሰነፍ ናቸው» ነው።

አገር ቤት ያለው ስሜት ከመሬት የመጣ ነው ግን። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 ከመቶዎቹ ከሚገባው በታች ቀጭን መሆናቸውን ነው ያሳየው፣ ከሚገባው በላይ ክብደት ያላቸው 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እነዛ 8 ከመቶዎቹ ደሞ በብዛት ከተማ ያሉና የተሻለ ኑሮ ያላቸው ናቸው። በኛ አገር እውነትም ለመወፈር ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ዘይት መግዛት፣ ሥጋ መግዛት፣ በእግር ከመሄድ መኪና መያዝ፣ ውሃ ከመቅዳት ቤት መዋል፣ ሁሉም ብር ነው።

ታዲያ የት ላይ ነው የሚገለበጠው? ብራዚላዊው ካርሎስ ሞንቴይሮ ከባልደረቦቹ ጋር ብዙ ታዳጊ አገሮችን አይተው 2004 ላይ የጻፉት አለ። ያገኙት ነገር አገር ሀብቱ በሰው ወደ 2,500 ዶላር ገደማ ሲደርስ፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ ውፍረት ከሀብታሙ ወደ ድሃው መሻገር ይጀምራል የሚል ነው። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያሰብኩት። የሰው ባህርይ አይደለም የተለወጠው ማለት ነው። በአንዱ አገር ራሱን የሚገዛ፣ በሌላው አገር ራሱን የማይገዛ ሕዝብ የለም። የተለወጠው በሱቁ መደርደሪያ ላይ ርካሽ የሆነው ነገር ነው። ድሃ በሁሉም አገር ያለውን ርካሹን ነው የሚበላው። ርካሹ ቆሎና ጎመን ከሆነ ይከሳል፣ ርካሹ ዘይትና ስኳርና ፍርኖ ዱቄት ከሆነ ይወፍራል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፣ ምርጫ ሲጠብ ሰው የመጣለትን ነው የሚይዘው።

አንድ ነገር ግን በትክክል ልናገር፣ ነገሩን ከሚገባው በላይ ማቅለል አልፈልግም። አሜሪካ ውስጥም ድሃ ሁሉ ወፍራም፣ ሀብታም ሁሉ ቀጭን አይደለም። ከአዋቂው ሕዝብ 40 ከመቶ ገደማ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለበት አገር ነው፣ ስለዚህ በየደረጃው አለ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ተቋም ሲዲሲ ከ2005 እስከ 2008 ያለውን መረጃ አይቶ ባወጣው ላይ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ከድህነት መስመሩ ብዙም ካልራቁ ሴቶች 42 ከመቶ፣ የተሻለ ገቢ ካላቸው ሴቶች ግን 29 ከመቶ ነበሩ። ወንዶች ላይ ይሄ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል፣ እንዲያውም ገቢው ከፍ ያለው ትንሽ ይብሳል። ይሄ ራሱ ብዙ ይናገራል። ድህነት ውስጥ ያለው ሸክም ሴቷ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ሰውነቷ ላይ ሳይቀር።

«ምስር ርካሽ አይደለም እንዴ?»

ይሄን ነገር ከጓደኞቼ ጋር ሳነሳ ወዲያው የሚመጣልኝ መልስ ይሄ ነው። ምስር አለ፣ ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ፣ የጾም ምግባችን እኮ ጤና ነው፣ ርካሽም ነው። እውነት ነው፣ አልከራከርም። ደረቅ ምስርና ባቄላ አሜሪካም ውስጥ በፓውንድ ከፓስታ ብዙም አይርቅም፣ ፕሮቲን አለው፣ አሰር አለው። አባቶቻችንና እናቶቻችን በሽሮ ነው ያሳደጉን፣ ሰው የሚኮራበት ምግብ ነው።

ግን ወጥ ማለት ጊዜ ነው። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ምስሩ ሲበስል፣ እንጀራው ሲጋገር ወይ ከሐበሻ ሱቅ ሲገዛ (እንጀራ ደሞ እዚህ አገር ርካሽ ምግብ አይደለም)። የወንድሜን ቤት ልንገራችሁ። እሱ ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ማታ ዴሊቨሪ። ሚስቱ ሽማግሌዎች ቤት ሄዳ ትንከባከባለች፣ ሽፍቷ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ አንዳንዴ እሱ ሲገባ እሷ ስትወጣ በር ላይ ነው የሚገናኙት። ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣው የደረሰው ነው። ይሄ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሰራው እሁድ ነው፣ እስከ ማክሰኞ ካደረሰ ትልቅ ነገር ነው። ረቡዕ ላይ ምን ይበላል? ከመንገድ የተገዛ የዶሮ ክንፍና ድንች ጥብስ። የወንድሜ ሚስት ምስር ጤናማ መሆኑን አታውቅም? ከኔ በላይ ታውቃለች። ወጥ የሚያውቅ እጅ አላት፣ ጊዜ ነው የሌላት፣ ጊዜዋን ደሞ በሰዓት ሸጣዋለች፣ ለኪራይ። የዚህ አካባቢ ኪራይ የሰውን ደሞዝ እንዴት እንደሚውጠው መናገር አያስፈልገኝም። ከኪራይ፣ ከመኪና ኢንሹራንስና አገር ቤት ከሚላከው ሁሉ ሊቀነስ የሚችለው አንድ ነገር ምግብ ብቻ ነው። ኪራይ አይደራደርም። ምግብ ይደራደራል።

እንቅልፍም አለ። ሌሊት ሠርቶ ቀን ሦስት አራት ሰዓት የተኛ ሰው ሰውነቱ ጣፋጭና ቅባት እንደሚፈልግ የሌሊት ሽፍት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሕክምናውም ይሄንኑ ነው የሚለው፣ እንቅልፍ ማጣት የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚነሳው የሱፐርማርኬት ርቀት ነው። ዲሲ ውስጥ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያለው ዋርድ 8 ለብዙ ዓመታት አንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ብቻ ነበረው። ይሄ ግፍ ነው፣ ሰው ሽንኩርት ለመግዛት ሁለት አውቶቡስ መያዝ የለበትም። ግን 2019 ላይ የወጣ የነ ሀንት ኦልኮት ጥናት የሚያሳየው ሱፐርማርኬት ሠፈሩ ውስጥ ስለተከፈተ ብቻ ሰው የሚገዛው ነገር ብዙም እንደማይለወጥ ነው፣ በሀብታምና በድሃ አመጋገብ መካከል ካለው ልዩነት የሱቅ ቅርበት የሚያስረዳው አንድ አስረኛ ገደማ ቢሆን ነው። ለኔ ይሄ አልገረመኝም፣ ምክንያቱም እኔ የምሠራበት ሱቅ ስትሮቤሪው ነበረ፣ ተደርድሮ፣ ፊት ለፊት፣ ውሃ እየተረጨበት ካለው ሰላጣ አጠገብ። ሴትየዋ አጠገቡ ቆመው ነው የመለሱት።

ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ግን ስለ ምግብ ያልሆነ ሙከራ ነው። 1994 ላይ የአሜሪካ መንግስት የቤቶች መሥሪያ ቤት በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ በጣም ድሃ ሠፈር ለሚኖሩ ቤተሰቦች በእጣ፣ እኛ ዲቪ እንደምናውቀው በእጣ፣ ድህነት ወዳልበዛበት ሠፈር የሚገቡበት የኪራይ ድጋፍ ሰጠ። ማንም ዳይት አላዘዘላቸውም፣ ማንም ስፖርት ሥሩ አላላቸውም። ከ10 እስከ 15 ዓመት ቆይተው ሴቶቹን ሲመዝኗቸውና ደማቸውን ሲመረምሩ፣ እጣው ከወጣላቸው መካከል በጣም ከባድ ውፍረትና ስኳር በሽታ ያለባቸው እጣው ካልወጣላቸው ቁጥራቸው ያንስ ነበር፣ ከመቶ በአራት ሰው ገደማ። 2011 ላይ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ወጥቷል። ሴቶቹ ያው ሴቶች ናቸው፣ የተለየው እጣ ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ራስን መግዛት የሚነግረኝን ሰው እጣውን አንሳልኝ ነው የምለው።

አገር ቤትም እየመጣ ነው

እህቴ አዲስ አበባ ናት፣ በየሳምንቱ እንደዋወላለን፣ ወሬያችን ግማሹ ዋጋ ነው። ጤፍ በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ኩንታሉ ሁለት ሺ ብር ገደማ ነበር፣ አሁን ከአስር ሺ በላይ ነው፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደሞ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ አብሮ ወጣ። እህቴ ቤት እንጀራ በቀን አንዴ ሆኗል፣ ጠዋት ዳቦ በሻይ ነው፣ ሻዩ ውስጥ ስኳሩ በዛ ይላል ምክንያቱም ስኳር ያጠግባል፣ ምሳ ፓስታ ወይ ሩዝ። የልጆቹ መክሰስ ብስኩት። ይሄ የቸገረው ቤት አይደለም፣ እሷም ባሏም ይሠራሉ፣ ደሞዛቸው ግን ከእጅ ወደ አፍ ሆኗል።

ዘይቱን ጠየቅኳት። «ያው የሚረጋው ነው» አለችኝ። ፓልም ዘይቱን ነው፣ ለዓመታት መንግስት እያስገባ በሸማቾች ሱቅ በተመን ሲያከፋፍለው የኖረውን፣ በብርድ ጊዜ ጀሪካኑ ውስጥ የሚረጋውን። ከውስጡ ግማሹ የሚሆነው የልብ ሐኪሞች ቀንሱ የሚሉት ዓይነት ቅባት ነው። «ለምን የሱፉን አትገዢም፣ እኔ ልላክልሽ» አልኳት። «ብትልኪልኝ ለልጆቹ ትምህርት ቤት ነው የማውለው እንጂ ለዘይት አላወጣውም፣ የኔ እህት አትቀየሚኝ» አለች። ምን እቀየማታለሁ! ልክ ናት። ልክ እንደ ሴትየዋ ልክ ናት።

የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እኛ አገር ውፍረት የሀብታም ነው እያልን ስንዝናና መደርደሪያው ከሥር እየተቀየረ ነው። ጎመንና ቲማቲም ሲወደድ፣ ጤፍ ሲወደድ፣ ርካሹ ነገር ፍርኖ ዱቄት፣ ፓልም ዘይትና ስኳር ይሆናል፣ ያኔ የአዲስ አበባ የቀን ሠራተኛ ሚስት ልክ እንደ አሌክሳንድሪያዋ እናት ትሆናለች፣ ያውም ሐኪም ቤቱ ሳይኖራት፣ ያውም ኢንሱሊን በውጭ ምንዛሬ በሚገባበት አገር። ስኳርና ደም ግፊት የሀብታም በሽታ ይባል ነበር ድሮ፣ አሁን ጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ ያለውን ሰው ማየት በቂ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ስኳርና ለስላሳ መጠጥ ላይ ቀረጥ ጥሏል፣ ጥሩ ነው፣ ግን መጥፎውን ማስወደድ ብቻውን ጥሩውን አያረክስም። ኮካው ስለተወደደ ጎመን አልረከሰም።

ጥሩው ሲረክስ ምን እንደሚሆን ደሞ ታይቷል። እ.ኤ.አ. 2011 ላይ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሃምፕደን በሚባል ካውንቲ ፉድ ስታምፕ ለሚቀበሉ ሰዎች ለእያንዳንዱ አትክልትና ፍራፍሬ ለሚያወጡት ዶላር 30 ሳንቲም ካርዳቸው ላይ እየተመለሰ ተሞከረ። ትምህርት አይደለም፣ ስብከት አይደለም፣ 30 ሳንቲም። ካላገኙት ሰዎች ይልቅ 26 ከመቶ የበለጠ አትክልትና ፍራፍሬ በሉ። ሰው ጤናውን ይፈልጋል፣ ልጁ ስትሮቤሪ እንድትበላ ይፈልጋል፣ ሒሳቡ ሲፈቅድለት ያደርገዋል። እኔ እንዲያውም 30 ሳንቲሙ ጠቦ ነው የታየኝ።

ይሄን የምታነቡ በዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ወይ ራሳችሁ ካርዱ ያላችሁ ወይ ካርዱ ያላት ጎረቤት ያለቻችሁ፣ አንድ ነገር ንገሩልኝ። ታኮማ ፓርክ አጠገብ ያለው የክሮስሮድስ የገበሬዎች ገበያ ከ2007 ጀምሮ በፉድ ስታምፕ የሚገዛን ሰው ገንዘብ እጥፍ ከሚያደርጉት የአገሪቱ የመጀመሪያ ገበያዎች አንዱ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥም ቨርጂኒያ ፍሬሽ ማች የሚባል ፕሮግራም አለ፣ እሱ የሚሠራባቸው የገበሬ ገበያዎች ላይ በኢቢቲ ስትገዙ ለአትክልትና ፍራፍሬ የሚሆን እኩል ተጨማሪ ይሰጧችኋል። ድንኳኑ ጋ ሄዳችሁ ካርዳችሁን አሳዩና ማች አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ማመልከቻ የለውም፣ ሌላ ፎርም የለውም። እኔ ካሸር ሆኜ ስሠራ ይሄን የሚያውቅ ሐበሻ አላጋጠመኝም፣ ሴትየዋም ቢሆኑ አያውቁም ነበር ብዬ ነው የማስበው። ደሞ ቤተክርስቲያንና መስጊድ ላይ ማስታወቂያ የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኪራይ ቤትና ከመኪና ሽያጩ መሃል ይሄንን አንድ መስመር አስገቡልን፣ በአማርኛ፣ ገበያው የሚቆምበትን ቀንና ቦታ ጨምራችሁ።